የጤና ጉዳይ ነው ተባለ

መንግሥት ለሰው ሁሉ በፖስታ የላከው የድምፅ መስጫ ወረቀት ቤታችን የገባው ብርዱ ሊለቅ ሲል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ ሕጉ ይቀየር ወይስ አይቀየር? ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ፖስት ማድረግ ነው። እኔ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ ጠዋትም ማታም እያየሁት አልፍ ነበር። ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ "ማሚ፣ ጀስት ቲክ የስ" ትለኛለች፤ ይቀየር በይ ማለቷ ነው። "እሺ" እላታለሁ። ሰምቻለሁ ለማለት ነው እንጂ አደርገዋለሁ ለማለት አልነበረም።

ያኔ ሜልበርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ውስጥ፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንፃዎች አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ በነርስነት እሠራ ነበር። ደም ግፊት እለካለሁ፣ ክትባት እሰጣለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። የምኖረው ኬንሲንግተን ነው። የተወለድኩት ደሴ ነው፤ ሙስሊም ነኝ፣ እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ። ይህን የምናገረው ያ ወረቀት ለእኔ ቀላል እንዳልነበረ እንዲታወቅልኝ ነው። ያደግሁበት ነገር አለ። በየቀኑ ፊቴ መጥቶ የሚቀመጠው በሽተኛም አለ። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ውስጥ በአንድ ምልክት መመለስ ከበደኝ።

ጉዳዩን ከፍሪጁ ላይ አውርደው ወደ አዳራሽ የወሰዱብኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ሁለቱ በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሰው ፈንጣጣ ከትበዋል። እኔ ሜልበርን ስመጣ አባቴ "እሳቸው አሉልሽ" ብሎ የላከኝ ወደ እሳቸው ነው። ባቡር የት እንደሚቀየር ያሳዩኝ፣ ነርስነት ተማሪ ብለው የገፋፉኝ፣ ፈተና ወድቄ ሳለቅስ "ድገሚዋ፤ ፈተና እንጂ ሰው አልሞተብሽም" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ኬንሲንግተን ውስጥ ባሉት የመንግሥት ቤቶች ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ቅዳሜ በአገራችን ሰዎች የአዛውንቶች ስብሰባ ላይ ልናገር ነው። ስለዚህ ወረቀት።"

"ምን ሊሉ ነው ጋሼ?"

"ሰው ሁሉ የሃይማኖት ጉዳይ ነው ይላል። የሃይማኖቱን ለሼሁና ለቄሱ ትቼዋለሁ። ለእኔ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው። ይህ ሕግ ቤተሰብን ያላላል፣ በሽታ ያበዛል። አንቺ ደግሞ ነርስ ነሽ። አጠገቤ ተቀምጠሽ እንድትናገሪ ፈልጌ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር የምስማማ አይመስለኝም።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "እንግዲያው ተቃወሚኝ" አሉ ረጋ ብለው። "ሁላችንም አንድ ነገር ከተናገርን ሰው የሚመጣው ሻይ ሊጠጣ ብቻ ነው።"

ቅዳሜ አዳራሹ ከወትሮው በዝቶ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከወሎም ከአዲስ አበባም ከደቡብም የመጣው ተደባልቆ ተቀምጧል። ስብሰባውን የሚመሩት እትዬ፣ መቼም ሰው ጮክ ብሎ እንዲናገር የማይወዱ ሴት ናቸው፤ ገና ሳይጀመር "በጨዋ ደንብ ነው የምንነጋገረው" ብለው አስጠነቀቁ።

ጋሼ ተነሥተው ቆመው ተናገሩ። ወረቀት አልያዙም። የፈንጣጣውን ዘመን ነበር ያነሡት። መድኃኒቱን ከተማ ያመጣዋል፣ ልጁን የሚያስከትበው ግን ቤተሰብ ነው አሉ። እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣለች፣ አባት እጁን ይይዝላታል፣ አያት ቁስሉን ትጠብቃለች። "ጤና ማለት ሐኪም ቤት አይደለም፤ ቤት ነው። የቤትን ትርጉም በድምፅ ብልጫ ስትቀይሩት ጤናውን ነው የምትነኩት" አሉ። ከዚያ ወደ አባላዘር በሽታ ገቡ። መንግሥት አንድን ነገር ሲፈቅድ ሰው ጥሩ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ሲስፋፋ ደግሞ በሽታውም አብሮ ይስፋፋል አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። በአማርኛ ስለዚህ ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያሉን ቃላት ወይ ስድብ ናቸው፣ ወይ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሚጻፉ ይመስላሉ። "ተመሳሳይ ፆታ" የሚለውን መርጬ ጀመርኩ።

"ጋሼ በሽታን በተመለከተ ያሉትን ልመልስ። አባላዘር በሽታ የጋብቻ ወረቀት አይጠይቅም። እርስዎ ራስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰውን ሲመክሩ የኖሩት በአንድ ተወሰኑ ብለው አይደለም? እነዚህ ሰዎች የጠየቁት እኮ ይህንኑ ነው።"

ጋሼ ፈገግ አሉ። ከኋላ ያሉት አልሣቁም።

ቀጥዬ ስለ አንድ በሽተኛ ነገርኳቸው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቁስሉን ለማሳየት ይመጣ የነበረ ሰው ነው። ቤት ሆኖ ቁስሉን የሚያጥብልህ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ብቻዬን ነኝ አለኝ። ስለዚህ ራሱ እንዴት እንደሚያጥበው አሳየሁት። ቁስሉ ጀርባው ላይ ስለሆነ እጁ አይደርስም፤ ቁስሉ አመረቀዘ። በኋላ ነው አብሮት የሚኖር ሰው እንዳለና በየቀጠሮው መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀው እንደነበር ያወቅሁት። ያን ሰው ጠርቼ ባሳየው ኖሮ ቁስሉ ቶሎ ይድን ነበር።

"ይኼ ለእኔ የጤና ጉዳይ ነው" አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አነሡ። "ያ ሰው እንዳይናገር ማን ከለከለው?"

"ማንም። አፍሮ ነው።"

"ሕግ ሀፍረትን ያጠፋል?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ታዲያ ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

"ያየሁት ብቻ ነው። ሕጉ ገና አልወጣም፤ ምን እንደሚያመጣ እኔም አላየሁም፣ እርስዎም አላዩም።"

አዳራሹ ሣቀ፣ ጋሼም አብረው ሣቁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ክርክር ነበር ብለን ሻይ ጠጥተን እንለያይ ነበር።

እትዬ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲሉ ከበሩ አካባቢ አንዲት ሴት ቆመች። ዌሪቢ ነው የምትኖረው፤ እዚያ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ በማሸግ ትሠራለች። ከደቡብ ናት፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ቃል ሲጠፋባት ትንሽ ቆም ትላለች። ብዙዎቻችን በዓል ላይና ለቅሶ ላይ እናውቃታለን።

"በሽታ፣ በሽታ ትላላችሁ" አለች። "ልጄ ታሟል። ልጄ ከወንድ ጋር ነው የሚኖረው።"

ወደ ጋሼ ዞረች።

"ያመመው እናንተ የምትሉት በሽታ አይደለም። ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ አይተኛም። አይበላም። ሥራ ሄዶ ስለ እሱ ያወራሉ፤ ባቡር ላይ ያወራሉ፤ ስልኩን ሲከፍት ያወራሉ። ያግባ፣ አያግባ፤ ሰው ነው፣ አይደለም። ሐኪሙ ዲፕሬሽን ነው አለ፣ መድኃኒት ሰጠው። ሥራውንም ትቶ አሁን እኔ ቤት ተኝቷል።" ቆመች፣ ቃል ፈለገች። "ባሌ የሞተ ጊዜ ቤቴ በሰው ሞልቶ ነበር። እናንተ ናችሁ የሞላችሁት። ልጄ ሲታመም ግን አንድ ሰው አልመጣም። ሰምታችኋል፤ እንደሰማችሁ አውቃለሁ።"

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ልከተላት ተነሣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነበር። ወደ አዳራሹ ስመለስ እትዬ ሻይ እየቀዱ ነው። ጋሼ በተቀመጡበት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። የሄደችውን ሴት ስም ማንም አላነሣም። አንድ ሰውዬ ብቻ "ምስኪን እናት" አለ፤ ከዚያ ስለ መኪና ማቆሚያ ወሬ ተጀመረ።

በሳምንቱ አጋማሽ ጋሼ እንደገና ደወሉ።

"እሑድ ሥራ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ዌሪቢ ታደርሺኛለሽ? በባቡር እሄድ ነበር፤ ጉልበቴ ደረጃውን አልቻለም። ያን ልጅ ልጠይቅ ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ጠንከር አለ። "ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ እንዳትሳሳቺ። የታመመ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።"

ለእናቲቱ ደወልኩላት። ልጇን ጠይቃ መልስ ለመስጠት አንድ ቀን ወሰደባት። "ይምጡ ብሏል፤ ግን የሚሰብኩት ከሆነ ተነሥቶ ይወጣል" አለችኝ። ለጋሼ እንዳለ ነገርኳቸው። "ልክ ነው" አሉ።

እሑድ ከቤታቸው ሲወጡ ኮት ለብሰው፣ ብርቱካንና አንድ ከረጢት የአጥሚት ዱቄት ይዘው ነበር።

የሴትየዋ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አትክልት እርሻዎቹ መሄጃ ነው። በሩን የከፈተልን የልጇ ጓደኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው ሰው። እዚያው አካባቢ አንድ አበባ ጎመን የሚያበቅሉበት እርሻ ላይ ይሠራል፤ ጭቃ የያዘው ቦት ጫማው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። "ጤና ይስጥልኝ" አለ በአማርኛ፣ ቃሉን በየፊደሉ እየለየ። እናቲቱ ናት ያስተማረችው። ጋሼ እጃቸውን ሰጥተው ጨበጡት፤ እሱም ሌሎች ሲያደርጉ እንዳየው በግራ እጁ ቀኝ ክንዱን ደግፎ ጎንበስ አለ።

ልጁ ሶፋ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ የከሳ፣ ፀጉሩ ከተቆረጠ የቆየ። ሊነሣ ሲል ጋሼ "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ" አሉትና ከፊቱ ወንበር ሳቡ። ከዚያ ልክ እንደ ድሮ ሥራቸው ጠየቁት። እንቅልፍ እንዴት ነው? ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚብስህ? ምን ቀመስክ? መድኃኒቱ ያቅለሸልሽሃል? ፀሐይ ላይ ትወጣለህ? ልጁ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ መለሰ። ጓደኛው አጠገቡ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ የዘነጋውን በእንግሊዝኛ እየሞላ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛና ከምግቡ ምን እንደተረፈው ነገራቸው። ጋሼ ቀስ በቀስ ጥያቄያቸውን ወደ እሱ ማዞር ጀመሩ፤ በሽተኛውን የሚያስታምመው ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ከዚያ ልጁ ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ ወረቀቱን ልከዋል?"

"ልኬያለሁ።"

"ምን ብለው?"

እናቲቱ ከኩሽና በር ላይ "ተወው" አለችው። ጋሼ ወደ እሷ እጃቸውን አነሡ፣ ይጠይቅ ለማለት።

"አይሆንም ብዬ ነው የላክሁት።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

"ታሟል ተባልኩ።"

"ሁለቱ አይጋጩም?"

"ለአንተ ይጋጫሉ፤ ይገባኛል። ለእኔ እስከዛሬ ተጋጭተውብኝ አያውቁም ነበር።" ወደ ልጁ ጎንበስ አሉ። "ብዋሽህ ግን ጥየቃ አይሆንም።"

ልጁ ተነሥቶ በኋላ በር ወደ ጓሮ ወጣ። እናቲቱ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጋሼን ይዤ መውጣት እንዳለብኝ እያሰብኩ ነበር። ጓደኛው ምን እንደተባባሉ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። ልጁን ሊከተል ወደ በሩ ሄደ፣ በመስኮቱ አየው፣ ተመለሰ። "ብቻውን መሆን ሲፈልግ አውቃለሁ" አለ። ከዚያ ከረጢቱን እያየ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ጋሼ ተነሥተው ከእሱ ጋር ወደ ኩሽና ገቡ። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ እንደሚበጠበጥ፣ ከዚያ የፈላው ላይ በቀስታ እየፈሰሰ ሳያቋርጡ እንደሚያማስሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው አስረዱት። ሰውዬው ትልቅ እጁ ውስጥ የእንጨት ማንኪያውን ይዞ ያማስላል፣ ጋሼ "ስሎው፣ ስሎው" ይላሉ። እናቲቱ ዓይኗን ጠርጋ ማር አወጣች።

ልጁ ሲመለስ አጥሚቱ ደርሶ ነበር። ተቀበለ፣ ቀመሰ፣ "ቀጥኗል" አለ። ጓደኛው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ። ልጁ ከጋሼ ጋር ሌላ ነገር አላወራም፤ ብርጭቆውን ግን ጨረሰ። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኝቶ እጁን ሰጣቸው።

ስንመለስ ፍሪዌዩ ላይ ጋሼ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረጉ።

"ከአባትሽ ጋር አንድ መንደር ሄደን" አሉ በኋላ፣ "ፈንጣጣ የያዛትን ልጅ ደብቀውብን ነበር። ጎረቤት፣ ከታቢዎቹ መጥተው ይወስዷታል፣ ቤታችሁንም ያቃጥሉታል ብሎ አስፈራርቷቸዋል። እህል ጎተራ ውስጥ ነው ያስተኟት። ያን መንደር ለማዳን ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ክትባቱ ደህና ነበር። ያሸነፈን መደበቁ ነው።"

"ይህን አዳራሹ ውስጥ አልተናገሩም።"

"አልመጣልኝም።"

"ወረቀቱ እጅዎ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይሉ ነበር?"

"አላውቅም" አሉ። "እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሰው ሁሉ በፖስታ መላክ ራሱ ደግ ነገር አይመስለኝም።"

እኔ የራሴን በማግሥቱ ሞላሁ። "ይቀየር" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ባቡር ጣቢያው ስሄድ መንገድ ላይ ያለው ቀይ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ድል ያደረግሁ ሆኖ አልተሰማኝም። ማታ ስሰግድ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ያደግሁበትን የጣልኩ አልመሰለኝም፤ ግን ማን እንዲያስረዳኝ እንደምጠይቅ አላወቅሁም። ለልጄም አልነገርኳትም፤ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ስታጣው ገባት መሰለኝ፣ ጠዋት ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

ብዙው ሰው ይቀየር ማለቱ ሲነገር ክሊኒኩ ውስጥ በደስታ ያለቀሱ ባልደረቦች ነበሩ። ሕጉም ተቀየረ። በእኛ ሰው መካከል አንዳንዶች አዳራሹ ውስጥ ስለተናገርኩት ሰላምታ ነሡኝ፤ እትዬም ለረጅም ጊዜ ስለ ስኳር በሽታ እንኳ እንድናገር አልጋበዙኝም። ልጁን ሕጉ አላዳነውም። የዳነው ቀስ እያለ፣ በመድኃኒቱ፣ በየሳምንቱ በሚያናግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በእናቱና በዚያ በጓደኛው ነው። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብሶበት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ያኔ ጋሼ እንደገና ሄዱ፤ አሁን ግን ከእኛ ሰው ሌሎች ሁለት ሴቶችም አብረው ነበሩ፣ ከአዳራሹ።

ኋላ ሁለቱ ሲጋቡ ጋሼ ተጠሩ። ራሳቸው ደውለው "ሠርጉ ላይ አልገኝም፤ ሳልነግራችሁ መቅረት ግን አልፈለግሁም" አሏቸው። ልጁ ተቀየማቸው። እኔ ሄድኩ፤ ዌሪቢ ውስጥ ያለ መናፈሻ ላይ፣ ነፋሱ የሰውን ቀሚስ ሁሉ እያወዛወዘ። እናቲቱ የአገሯን ልብስ ለብሳ በሁለቱ መካከል ቆማ ፎቶ ተነሣች። ቅያሜው የበረደው በኮቪድ ጊዜ ነው። ጋሼ ከቤት መውጣት ባቃታቸው ወራት ባልና ባል የሆኑት ሁለቱ በር ላይ አትክልት እያስቀመጡላቸው፣ ከሕንፃው ታች ሆነው ደውለው ደህንነታቸውን እየጠየቁ ይሄዱ ነበር። ልጁ ይህን ያደረገው ይቅርታ አድርጎላቸው ይሁን፣ አለያም እሳቸው እንዳሉት ጥየቃ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ አልጠየቅሁትም።

አሁንም ነርስ ነኝ። ያ ሕግ በክሊኒካችን ምን ለወጠ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ብዙ የምለው የለኝም። ያ የተባለው የበሽታ ጎርፍ አልመጣም። ሀፍረትም አልጠፋም፤ አሁንም መኪና ውስጥ የሚጠብቁ አሉ። ግን በቅርቡ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት መጥቶ ቤት ማን አለህ ብዬ ስጠይቀው "ባለቤቴ" አለኝ። ባለቤት የሚለው ቃላችን ወንድ ወይም ሴት አይልም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። "ጥራው፣ ወይም ጥራት" አልኩት። ሣቀና "ልጥራው" ብሎ ወጣ። ሁለቱም ተቀምጠው ወጣቱ ቤት ሆኖ የሚወስደው መርፌ እንዴት እንደሚወጋ አሳየኋቸው።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። በእርጅና ብዛት ጆሯቸው ደክሟል፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። ኬንሲንግተን ጣቢያ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ነበር።

"ስለ በሽታው ተሳስቻለሁ" አሉ። "ስለ ጋብቻው ገና አልተስማማሁም።"

"እሺ ጋሼ።"

"አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ ልናገረው እፈልግ ነበር፣ ስለ በሽታው አሁን ያልኩሽን። እትዬን ጠይቂልኝ።"

ጠየቅሁ። እትዬ ትንሽ አቅማሙና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሻይ በፊት ሰዓት ሰጧቸው። ጋሼ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ፣ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ተቀመጡ። አንዳንዱ ምን እንደሚሉ አልገባውም፤ ጊዜው ርቋል። ዌሪቢ ያለችው እናት ግን መጥታ ነበር፤ ከኋላ ተነሥታ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።